ሀሁን ያወርዱታል፣ ቃል ግን አያነቡም፦ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
ግልባጭ፦ ለየክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ለርእሳነ መምህራን፣ ለወላጆች በሙሉ
ጉዳዩ፦ ዲስሌክሲያ (አብሮ የሚወለድ የንባብ ችግር) ላለባቸው ልጆች በትምህርት ቤት ውስጥ የንባብ ድጋፍ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

አርዕስቱን በቢሮ ወግ ጻፍኩት እንጂ ደብዳቤው እንኳ የቢሮ አይደለም። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ ማስጠናት ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ እኔ ሥራ እገባለሁ። ከብሎክ ብሎክ እየዞርኩ ማንበብ እምቢ ያላቸውን ልጆች አስጠናለሁ።

ከአያት ወዲያ ያለውን ሰፈር ለማታውቁት፦ ከመሀል ከተማ በልማት የተነሣው፣ ዕጣ የወጣለት፣ ኪራይ ያባረረው፣ ሁሉም እዚህ ነው። ወላጅ ንጋት 11 ሰዓት ተነሥቶ ታክሲ ይሰለፋል። መገናኛ ሲደርስ ሌላ ሰልፍ ይጠብቀዋል። ማታ ሲመለስ ልጁ ተኝቷል። ደብተር የሚያገላብጥ ሰው ቤት ውስጥ የለም። አቅም ያለው አስጠኚ ይቀጥራል። አቅም የሌለው ልጁን ለፈጣሪ ይሰጣል።

የምጠይቃችሁ ነገር አጭር ነው። አንደኛ ክፍል ሲያልቅ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስቀምጣችሁ ፊደልን አዘበራርቃችሁ ጠይቁልን። በተራ አይሁን። ያቃተውን ልጅ ሦስተኛ፣ አራተኛ ክፍል እስኪደርስ አትጠብቁት። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ሥራውን በሚያውቅ መምህር፣ ሦስት አራት እየሆኑ ይጠኑ። ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ለምን «አዘበራርቃችሁ» እንደምል ልንገራችሁ። ልጆቻችን ፊደል የሚማሩት በዜማ ነው። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። መምህሯ ገበታውን በዱላ ትጠቁማለች፣ ክፍሉ በሙሉ ይጮኻል፣ ልጁም አብሮ ይጮኻል። 33ቱን ፊደል ሰባት ሰባት አድርጎ፣ 231ዱን አንድ ሳያስቀር ያወርደዋል። እናቱ ደስ ይላታል። ዘመድ ሲመጣ «በል እስቲ አሰማቸው» ይባላል። አሁን ያንኑ ልጅ ያዙና ከገበታው መሀል «ቴ»ን በጣት አሳዩት። ዝም ይላል። ቀጥሎ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ እያለ በሆዱ ይቆጥርና «ቴ!» ይላችኋል። አወቀው? አላወቀውም። የሚያውቀው ዜማውን ነው። «ተ» ራሱ ከጠፋበት ደግሞ ከ«ሀ» ይነሣል። በዚህ ዓይነት አንድ ዓረፍተ ነገር ለማንበብ ስንቴ መውጣትና መውረድ እንዳለበት አስቡት። ሦስተኛው ቃል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ከአእምሮው ወጥቷል።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ልጅ እንዲህ ያደርጋል። ነውር የለበትም። ጓደኞቹ ግን ወራት ሳይቆዩ ዜማውን ይተዉታል። እሱ ሁለተኛ ክፍል ገብቶም ያለ ዜማው አንድ እርምጃ አይሄድም። ክፍሉ ውስጥ 50፣ 60 ልጅ ታጭቆ መምህሯ ይህን ለይታ እንድታይ መጠበቅ ግፍ ነው። በጅምላ ጩኸት ውስጥ ማን እንዳወቀ፣ ማን አፉን ብቻ እንደሚያንቀሳቅስ በምን ይለያል?

የሚገርመው የድሮ ሰዎች ይህን ያውቁት ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት የገባችሁ ታስታውሳላችሁ። ልጅ ሀሁን ስለጨረሰ የኔታ አያሰናብቱትም። አቡጊዳ ያስቆጥሩታል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ግዕዙ ከአንዱ ቤት፣ ካዕቡ ከሌላው፣ ሣልሱ ከሌላው። የለመደው ተራ ይሰበርበታል። የሸመደደው እዚህ ይጋለጣል፣ ያወቀው ያልፋል። በእርግጥ አቡጊዳም ውሎ አድሮ የራሱ ዜማ ይወጣለታል። ቢሆንም በሁለት ዓይነት ተራ መደበቅ ከባድ ነው። ደግሞም ቆጠራው በጅምላ ብቻ አልነበረም። ልጁ ተራውን ጠብቆ፣ በስንደዶ እየጠቆመ፣ ለየኔታ ወይም ለበላዩ ተማሪ ለብቻው ያሰማል። ከዚያ ነው መልእክተ ዮሐንስ የሚገባው። እሱንም በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እየመላለሰ ይወጣዋል። አለንጋውና ቁንጥጫው ይቅርብን። ልጅን አንድ በአንድ ማስቆጠሩ ግን ለምን ቀረ? አቡጊዳውን ዛሬም ፊደል ገበታ ላይ አትመን እንሸጣለን፣ የሚያስቆጥር መምህር ግን ብዙ አላየሁም።

ወደ ስሙ ልምጣ። ከእነዚህ ልጆች መካከል ዲስሌክሲያ ያለባቸው አሉ። ሁሉም ግን አይደሉም። አንዳንዱ ታሞ ከትምህርት ቀርቶ ነው። አንዳንዱ ሰፈር ሲቀየር ግማሽ ዓመት አምልጦት ነው። አንዳንዱ ዓይኑ ወይም ጆሮው ደከም ብሎ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ዓይንና ጆሮ ይታይ የምለው። ዓይኑም ጆሮውም ደህና ሆኖ፣ ተምሮ፣ ተደጋግሞለት፣ ድምፅና ፊደል አልገናኝለት ያለ ልጅ ግን አለ። ዲስሌክሲያ ይህ ነው። አብሮ የሚወለድ ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜም በዘር ይወርዳል። አንጎል የቃሉን ድምፅ ፈልቅቆ ከተጻፈው ምልክት ጋር ማገናኘት ላይ ይቸገራል። ብልህነትን አይነካም። መነጽር አያስተካክለውም። ኪኒን የለውም። ጠበል ወስዳ ለምትጽናና እናት ክፉ ቃል የለኝም፤ ንባቡ ግን የሚመጣው በማስጠናት ነው። ብዛቱ እንደ መለኪያው ይለያያል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 10 ነው። በዚህ ስሌት 60 ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ከሦስት እስከ ስድስት ልጆች አሉ።

የፈረንጅ ፋሽን የሚመስለው ሰው ካለ ደግሞ ጉዳዩ የቆየ ነው። ዲስሌክሲያ የሚለውን ስም ያወጣው ሩዶልፍ በርሊን የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ስለጉዳዩ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1896፣ አድዋ በተደረገበት በዚያው የፈረንጆች ዓመት፣ ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በሕክምና መጽሔት አሳተመ። ልጁ ንቁ ነው። ሒሳብ ይሆንለታል። ጨዋታ ላይ ከማንም አያንስም። ማንበብ ግን አልቻለም። አስተማሪው «ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ጎበዙ እሱ ነበር» የሚል ምስክርነት ሰጥቶለታል። ይህን ምስክርነት አራብሳ ውስጥ ከእናቶች አፍ በሌላ አነጋገር እሰማዋለሁ። «ስታወሪው ሁሉን ይመልስልሻል፣ ወረቀት ስታሳዪው ይደርቃል።»

የእኛ ፊደል ለእነዚህ ልጆች ደግም ክፉም ነው። ደጉ፣ አንድ ምልክት አንድ ድምፅ ነው ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ ላይ ያለው ጣጣ እዚህ የለም። ስለዚህ ልጁ እርዳታ ካገኘ ውሎ አድሮ ፊደሎቹን ይለያቸዋል። የሚቀረው ፍጥነት ነው። እየቆረጠ፣ እየተመለሰ፣ እያላበው ያነባል። ክፉው ብዛታቸውና መመሳሰላቸው ነው። «ባ» እና «ቦ»ን እዩአቸው። የአንዱ ቀኝ እግር ረዘመ፣ የሌላው ግራ። ልዩነቱ ይኸው ነው። «ሳ» እና «ሶ»፣ «ካ» እና «ኮ»፣ «ዛ» እና «ዞ» እንደዚሁ። ማንኛውም ጀማሪ ያምታታቸዋል፣ እነዚህ ልጆች ላይ ግን ማምታታቱ ቶሎ አይለቅም። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውንም አይለይም። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን ጊዜው ከአጠገቡ ካሉት ቃላት እናውቀዋለን። ከአጠገቡ ካሉት ቃላት ጋር ገና እየታገለ ያለ ልጅስ?

የ«ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ»፣ የ«ጸ»ና የ«ፀ» ነገርም አለ። ቃለ ጽሕፈት ላይ «ፀሐይ»ን በ«ጸ» ስለጻፈ ኤክስ የተመታበት ደብተር አይቻለሁ። ጋዜጦች ያልተስማሙበትን እኮ ነው! ልጁ ድምፁን ሰምቶ፣ ከፋፍሎ፣ ትክክለኛ ድምፅ ያለው ፊደል መርጦ ጽፏል። ለእሱ ይህ ተራራ መውጣት ነበር። የተመለሰለት ቀይ ኤክስ ነው።

በዚህ ላይ እንግሊዝኛ ከኬጂ ይጀምራል። አፋን ኦሮሞም በላቲን ፊደል ይመጣል። ቋንቋ መማሩን አልቃወምም፣ እንኳን መጣ። አንዱ ፊደል ገና ላልጨበጠው ልጅ ሁለተኛው ሲደረብበት ግን አንድ ሰው ቆም ብሎ ሊያየው ይገባል።

አሁን ማስጠናቱ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ጠረጴዛ ላይ ቆርኪ እደረድራለሁ። ከሰፈር ሱቅ የለቀምኩት ተራ የለስላሳ ቆርኪ ነው፣ ፊደል አልተጻፈበትም። «ብርቱካን» እላለሁ። ልጁ ለሰማው ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ቆርኪ ወደ ፊት ይገፋል። ብ፣ ር፣ ቱ፣ ካ፣ ን። አምስት። መጀመሪያ አካባቢ ብዙዎቹ ሁለት ነው የሚገፉት፤ «ብር» እና «ቱካን»። ቃሉ ለእነሱ እንደ ብሎኬት ድፍን ነው፣ የሚከፈትበት ቦታ አይታያቸውም። ሲለምዱ «በል ቱን አውጣው» እላለሁ። «ብርካን» ይላል ልጁ፣ ይስቃል። ሲስቅ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ፊደል ባለበት ቦታ ሲስቅ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል።

የወፍ ቋንቋም እንጫወታለን። ልጆች ትልቅ ሰው እንዳይሰማቸው በየድምፁ መሀል «ዝ» እየሰነቀሩ የሚያወሩት። እንደየሰፈሩ አወራሩ ይለያያል። መምህራን ረብሻ ነው ብለው የሚከለክሉት ይህ ጨዋታ ለእኔ ከብዙ መማሪያ መጽሐፍ ይበልጣል። ልጁ «ዝ»ን ለመሰንቀር መጀመሪያ ቃሉን መቆራረጥ አለበትና። የንባብ ችግር ያለበት ልጅ በዚህ ጨዋታ ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። እንግዲህ ምልክቱም ልምምዱም በእጃችን ነበረ።

ከድምፅ ወደ ፊደል ስንሻገር ከ«ሀ» አልጀምርም። «በ»፣ «ሰ»፣ «ከ»፣ «ዘ» ይቀድማሉ፣ ሕግ የሚያከብሩ ናቸው። ካዕቡ ቀኝ ወገቡ ላይ ጭረት አለው፣ ሣልሱ ቀኝ እግሩ ሥር፣ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት። ይህ ሲጨበጥ ልጁ አራት ቤት በአንድ ጊዜ ከፈተ ማለት ነው። እንደ «ረ» እና «ፈ» ያሉት አመለኞች ኋላ ይመጣሉ። «ባ» እና «ቦ»ን ደግሞ ጎን ለጎን አላስተምርም። ራብዑ እስኪደላደል ሳብዑ ይቆያል። ትሪ ላይ ዱቄት እንነሰንሳለን፣ ልጁ በጣቱ እየጻፈ ድምፁን ጮክ ብሎ ያወጣል። እጁ፣ ዓይኑ፣ ጆሮው አንድ ላይ ይሠራሉ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሳሙኤል ኦርተን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪምና አና ጊሊንግሃም የምትባል አስተማሪ ከ100 ዓመት ገደማ በፊት መሠረቱን የጣሉት መንገድ ነው። እኔ ያደረግኩት በቆርኪና በዱቄት ለአማርኛ ማመቻቸት ነው።

አንድ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ። በሳምንት ሦስት፣ ቢቻል አራት ቀን። ለወራት፣ ለአንዳንዱ ለዓመታት። ተአምር የለም። በአንድ ወር አስነብባለሁ የሚል አስጠኚ ከመጣባችሁ በሩን አሳዩት። ለውጡ ግን ይታያል። እናቷ ጉልት የምትሸጥ አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ አለችኝ። ሽንኩርት ሁለት ኪሎ ተኩል ተመዝኖ ከሁለት መቶ ብር ስንት እንደሚመለስ አፍ ሳትከፍት ታውቃለች። «ሽንኩርት» የሚለውን ቃል ግን ማንበብ አትችልም ነበር። አሁን የባጃጅ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ካላነበብኩ ብላ መንገድ ላይ ታስቆመኛለች። በቀደም አንዱ ላይ «ሁሉም ያልፋል» የሚል ነበር። ፊደል ቆጥራ ጨረሰችና «ምኑ ነው የሚያልፈው ቲቸር?» አለችኝ። ባጃጁ ነው አልኳት።

ስለ ሙያ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ካላልኩ ሐቀኛ አልሆንም። ዛሬ ብዙው አስጠኚ የሚቀጠረው የቤት ሥራ እንዲያልቅ ነው። ወላጅ ደክሞታል፣ ትምህርት ቤቱ የሚልከው የቤት ሥራ ተራራ ነው፣ አስጠኚው ይናገራል ልጁ ይገለብጣል። ደብተሩ ያምራል። በኮሙኒኬሽን ደብተር ላይ «በጣም ጥሩ» ተጽፎ ይመጣል። ልጁ ግን የገለበጠውን ቢያስነብቡት አንድ መስመር አይወጣለትም። መገልበጥ ሥዕል ነው። የሚያምር የእጅ ጽሑፍ ያላቸው፣ ሰሌዳውን ነጥብ ሳያጎድሉ የሚገለብጡ፣ ማንበብ ግን የማይችሉ ልጆች አጋጥመውኛል። እነዚህ ከሁሉ በላይ የሚደበቁት ናቸው።

የማይደበቁት ደግሞ ስም ይወጣላቸዋል። ሰነፍ፣ ዝንጉ፣ ደደብ። ቆመህ አንብብ ይባላል፣ ክፍሉ ይስቃል። ካርድ ላይ «52ኛ ከ54» ተብሎ ይጻፋል። ቃለ ጽሕፈት ባለበት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ይላል፣ ውሸቱንም አይደለም፣ በእርግጥ ያመዋል። ባለፈው አንዲት እናት ልጇ ከሚማርበት የግል ትምህርት ቤት ተጠርታ «ልጅሽ የትምህርት ቤቱን ውጤት ይጎትትብናል፣ ሌላ ቦታ ፈልጊለት» ተብላለች። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ይህን የሚል እሱ ብቻ ባይሆንስ?

ስለ ኦቲዝም ዛሬ ከድሮው በተሻለ የምንነጋገረው እንደ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ያሉ እናቶች አደባባይ ወጥተው ስለጮኹ ነው። ነፍሷን ይማርና፣ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፍታ ሰው ልጁን ከጓዳ እንዲያወጣ አድርጋለች። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ጓዳ አልተደበቀም። ክፍል ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሰው አያስቸግርም። ስለዚህ ማንም አይጮኽለትም።

ወረቀቱማ አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። ትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎትና የአካቶ ትምህርት ስትራቴጂ አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ኮተቤ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ያስተምራሉ። የጎደለው ያ ሁሉ አራብሳና የካ አባዶ ያለ ሁለተኛ ክፍል ድረስ መውረዱ ነው። ዛሬ የንባብ ችግር የሚመረምር ባለሙያ የፈለገ ወላጅ ከእነዚህ ሰፈሮች መሀል ከተማ መውረድ አለበት። የቀን ሥራ ለሚሠራ ሰው አንድ ቀን መቅረት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

«በጀት የለም» እንዳትሉኝ ፈራሁ፣ ስለዚህ ቀድሜ ልናገር። ይህ ከተማ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለልጆች ቁርስና ምሳ ማብላት ጀምሯል። ያንን ያህል ልጅ በየቀኑ መመገብ የቻለ ቢሮ፣ ለየትምህርት ቤቱ አንድ የንባብ ድጋፍ መምህር መመደብ አያቅተውም። አዲስ ሰው መቅጠርም ግድ አይደለም። ካሉት መምህራን ፈቃደኛ የሆነችውን አሠልጥኑ፣ የክፍለ ጊዜ ጫናዋን ቀንሱላት፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ስጧት። ጫናውን ሳትቀንሱ ሥልጠና ብቻ ከሰጣችኋት ግን የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ወደ 60 ልጆቿ ትመለሳለች። ይህን ደጋግመን አይተነዋል።

መመርመሩ ደግሞ ሳንቲም አይጠይቅም። ሰኔ ላይ ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። የተዘበራረቁ ፊደላት የተጻፉበት አንድ ገጽ፣ ጥቂት አጫጭር ቃላት፣ ቃል የመቆራረጥ ጨዋታ። ይህ ዲስሌክሲያ ነው አይደለም ብሎ አይፈርድም፣ መፍረድም የለበትም። ማን እርዳታ እንደሚያስፈልገው ግን ይለያል። እርዳታውን ለማግኘት የሐኪም ወረቀት አምጡ አትበሉ። ወረቀቱን ማምጣት የሚችለው ያው ገንዘብ ያለው ነው።

ስለ ፈተናም ላንሳ። ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ከተማ አቀፍ ፈተና አለ። ማየት ለተሳነው ልጅ ጥያቄው ይነበብለታል፣ ይገባዋልም። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ የአካባቢ ሳይንሱን መልስ እያወቀ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ ደወል ይደወልበታል። ተጨማሪ ሰዓት ስጡት። የሒሳብና የሳይንስ ጥያቄ የሚያነብለት ሰው መድቡለት። የሚፈተነው ሳይንስ ከሆነ ሳይንሱ ይፈተን።

ግልባጭ ለደረሳችሁ ወላጆች። ልጃችሁ ሲያወሩት ጎበዝ፣ ሲያነብ ግን የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ አይቶ የሚገምት ከሆነ፣ «ከበደ» የሚለውን «ከተማ» የሚል ከሆነ፣ መስመር የሚዘል ከሆነ፣ የሳምንቱን ቀናት በተራ መጥራት እስካሁን የሚያስቸግረው ከሆነ፣ ዓይንና ጆሮውን አሳዩና መምህሩን አነጋግሩ። አትምቱት። ከእህቱ ጋር አታወዳድሩት። ማታ ደክሟችሁም ቢሆን አሥር ደቂቃ እናንተ አንብቡለት፣ ወይም ተረት ንገሩት። ቃል በጆሮው እየገባ ይቆየው፣ ፊደሉ እስኪደርስ። ማንበብ የማትችሉ እናቶችም ይህ አይቅርባችሁ፤ ተረት መንገርና ቃል መቆራረጥ ፊደል አይጠይቅም። አባት ደግሞ «እኔም ልጅ ሆኜ እንዲሁ ነበርኩ» ካለ፣ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ያንን ለልጁ ይንገረው።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ቢሮው ልመለስ። ለመጪው መስከረም እንዲደርስ ዝግጅቱ ክረምት ላይ ነው መሆን ያለበት። ሙሉ ከተማውን በአንዴ አልጠየቅኩም። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንድ ወረዳ ይመረጥ፣ በወረዳው ያሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁለተኛ ክፍሎች ይሞከሩ፣ በዓመቱ መጨረሻ ያነበበውና ያላነበበው ይቆጠር። እኔና በዚህ አካባቢ የምናስጠና ጓደኞቼ ነሐሴ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት መምህራኑን ያለ ክፍያ ለማሠልጠን ተስማምተናል። ዕቃውን እኛ እናመጣለን። ከእናንተ የምንፈልገው የአንድ ክፍል ቁልፍና ለርእሰ መምህሩ የሚጻፍ፣ ማኅተም ያለበት አንድ ደብዳቤ ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት የንባብ አስጠኚ፣ ቦሌ አራብሳ